አርቲ አጋርዋል፦ በ17 ዓመቷ የታወቀች፣ በ31 ዓመቷ ያረፈች

የሕንድ ፊልም ሲባል የእኔ ዕድሜ ሰው ወዲያው የሚታየው ነገር አለ። ረጅም የሲኒማ ቤት ሰልፍ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ፣ በዝናብ ውስጥ የሚዘፈን ፍቅር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጠፋ ልጇን አግኝታ የምታለቅስ እናት። ቋንቋው ሳይገባን አብረናት አልቅሰን፣ ዓይናችንን ጠራርገን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ያ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሂንዲ ቋንቋ፣ ያኔ ቦምቤይ በምትባለው በዛሬዋ ሙምባይ የሚሠራው ነው።

ሕንድ ግን ያላት ሲኒማ አንድ ብቻ አይደለም። በደቡብ፣ ሐይደራባድ ከተማን ማዕከል አድርጎ በቴሉጉ ቋንቋ የሚሠራ ሌላ ትልቅ የፊልም ዓለም አለ። በቴሉጉ አፉን የፈታው ሕዝብ ከ80 ሚሊዮን በላይ ነው። ልጆቻችሁ «ናቱ ናቱ» በሚለው ዘፈን ሲዘሉ አይታችሁ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ያ ዘፈን የቴሉጉ ፊልም ዘፈን ነው። እኔም ከዚህ ዓለም ጋር የተዋወቅኩት በልጅ ልጄ በኩል ነው። እሷ ከስልኳ እያወጣች ስታሳየኝ፣ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ አንድ ቀን አንዲት ፈገግታዋ የሚያበራ ልጅ ያለችበት የቆየ ፊልም መጣ። ስሟ አርቲ አጋርዋል ነው። ታሪኳን ፈልጌ ካነበብኩ በኋላ ለእናንተ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም። ነርስ ሆኖ የኖረ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ዝም ብሎ የማያልፈው ነገር አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አርቲ የተወለደችው መጋቢት ወር 1984 ላይ በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ነው። ወላጆቿ ከምዕራብ ሕንድ፣ ከጉጃራት የሄዱ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሜሪካ ተወለደች፣ የቤተሰቧ ቋንቋ ጉጃራቲ ነው፣ ዝና ያገኘችው ደግሞ በቴሉጉ ነው። ሕንድ ውስጥ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሄድ ማለት ቋንቋው፣ ፊደሉ፣ ምግቡ ሁሉ የሚለወጥበት ጉዞ ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

ወደ ፊልም የገባችበት መንገድ እንዲህ ነው የሚነገረው። የሕንድ የፊልም ከዋክብት ወደ አሜሪካ እየሄዱ ለዲያስፖራው ትዕይንት ያሳያሉ። የእኛም ዘፋኞች በዋሽንግተንና በዳላስ የሚያደርጉት ነው። አርቲ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች በፊላደልፊያ በተዘጋጀ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ሱኒል ሼቲ የሚባለው የሂንዲ ፊልም ተዋናይ እንድትጨፍር ጠራት። ጭፈራዋን ካየ በኋላ ለአባቷ ይህች ልጅ ፊልም ብትሠራ ይሳካላታል አላቸው። ከዚህ በኋላ ሙምባይ ሄደች። በ2001 «ፓጋልፓን» የተባለ የሂንዲ ፊልም ሠራች። ፊልሙ ብዙም አልሆነለትም።

በአባትየው ቦታ ሆኜ አስቤዋለሁ። ስደት አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሌት ተቀን የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ከአገሯ፣ ከባህሏ ትጠፋብኝ ይሆን ይላል። እንግዲህ ትልቅ የተባለ ሰው መጥቶ «ልጅህ ለአገርህ ሕዝብ ትሆናለች» ሲለው፣ ልጅቱም ዓይኗ ሲበራ፣ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ስንቱ ነው? እኔ አልፈርድበትም።

በዚያው ዓመት፣ በመስከረም 2001፣ «ኑቩ ናኩ ናቻቭ» የሚል የቴሉጉ ፊልም ወጣ። «ወድጄሃለሁ» እንደ ማለት ነው። ቬንካቴሽ የሚባለው ታዋቂ ተዋናይ ሥራ ፈት የገጠር ልጅ ሆኖ፣ ሥራ እስኪያገኝ በአባቱ ወዳጅ ቤት ይቀመጣል። የቤቱ ልጅ አርቲ ናት፤ ለሌላ ሰው ታጭታለች። ይዋደዳሉ። ልጁ ግን ቤቱን አምኖ የከፈተለትን የአባቱን ወዳጅ ላለማሳዘን ብሎ ፍቅሩን ዋጥ አድርጎ ይይዛል። ለቤተሰብ የሚሆን፣ እያሳቀ ልብ የሚነካ ፊልም ነው። ቴሉጉ ተናጋሪዎች ከዚህ ፊልም የወጡ ንግግሮችን እስከ ዛሬ እየደጋገሙ ይስቃሉ። ወዲያው በታሚል ቋንቋ እንደገና ተሠርቷል። አርቲ በአንድ ጊዜ የሁሉም ቤት ልጅ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በ2002 መጀመሪያ «ኑቩ ሌካ ኔኑ ሌኑ» ከወጣቱ ታሩን ጋር፣ በዚያው ዓመት «አላሪ ራሙዱ» ከጁኒየር ኤን ቲ አር ጋር፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ «ኢንድራ» ከቺራንጂቪ ጋር። ይህ «ኢንድራ» በጊዜው ከቴሉጉ ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛ ገቢ ካገኙት አንዱ ነው። በ2003 «ፓልናቲ ብራህማናዩዱ» እና «ቫሳንታም»፣ በ2004 «ኔኑናኑ» እና «አዳቪ ራሙዱ»፣ በ2005 «ሳንክራንቲ»። በእነዚያ ዓመታት ከቴሉጉ ሲኒማ ትልልቅ ከሚባሉት ወንዶች ብዙዎቹ አብረዋት ሠርተዋል። ታናሽ እህቷ አዲቲም በ2003 «ጋንጎትሪ» በተባለ ፊልም ላይ ከአሉ አርጁን ጋር ተሠለፈች።

በዚያ አገር የፊልም ጀግና ዝና ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አዲስ ፊልም በሚወጣበት ቀን አድናቂዎች የተዋናዩን ፎቅ የሚያክል ምስል አቁመው ወተት ያፈሱበታል። ኤን ቲ ራማ ራኦ የሚባለው ተዋናይ ደግሞ ፓርቲ መሥርቶ በ1983 የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኗል። ወተቱም ሥልጣኑም ግን በአብዛኛው የወንዶቹ ነው። የሴቶቹ ጉዳይ ሌላ ነው።

ዕድሜያቸውን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። «ኑቩ ናኩ ናቻቭ» ሲወጣ እሷ 17 ዓመቷ ነው፣ ቬንካቴሽ 40 ነው። «ኢንድራ» ሲወጣ እሷ 18፣ ቺራንጂቪ 46። በ«ኔኑናኑ» እሷ 20፣ ናጋርጁና 44። ከእነዚህ ወንዶች አንዳቸውም እስከ ዛሬ አልተተኩም፤ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ዕድሜያቸው መሪ ተዋናይ ሆነው ይሠራሉ። አብረዋቸው የሚጫወቱት ሴቶች ግን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራሉ። አንዲት ልጅ በ17 ዓመቷ ጀምራ በ22 ዓመቷ «ጊዜዋ አልፏል» የምትባልበት ሥራ ነው። ወንዱ ቢወፍር ግርማ ሞገስ ይባላል፤ ሴቷ ብትወፍር ዜና ነው።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። በቴሉጉ ሲኒማ ከሌላ ቋንቋ ለሚመጡ ሴት ተዋናዮች ድምፅ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ተዋናይዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሉን ቋንቋውን የምታውቅ ሌላ ሴት ስቱዲዮ ቁጭ ብላ ትናገርላታለች። ዘፈኑን ደግሞ ሌላ ዘፋኝ ትዘፍነዋለች። እንግዲህ ከሩቅ የመጣች ልጅ ወደዚያ ገበያ ይዛ የምትቀርበው ፊቷንና ሰውነቷን ነው ማለት ነው። ሰውነቷ ሲቀየር ሥራዋም አብሮ ይቀየራል።

የአርቲም ሰውነት ተቀየረ። ክብደት ጨመረች፤ ጋዜጠኛውም ተመልካቹም ይህንኑ ወሬ አደረገው። በ2005 ደግሞ፣ በ21 ዓመቷ፣ ሕይወቷን ለማጥፋት ሞክራ ሐይደራባድ ውስጥ ሆስፒታል ገባች የሚል ዜና ወጣ። ጋዜጦች ሳምንቱን ሙሉ የፍቅር ታሪኳን ሲያራግቡ ከረሙ። እዚህ ላይ ወሬውን አልደግመውም። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ከደረሰ ማወቅ ያለባችሁ ግን አለ። ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው። ዘመድ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ» ብሎ የሚበተነው ያኔ ነው። አትበተኑ። ክትትሉ አይቋረጥ፤ ብቻውን አይዋል። «ስለ መሞት እያሰብሽ ነው ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅም ሐሳቡን ልብ ውስጥ አይከትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ያቀላል።

አርቲ ከዚያም በኋላ ሠርታለች። በ2006 «አንዳላ ራሙዱ» በተባለው ፊልም ላይ ከኮሜዲያኑ ሱኒል ጋር ተጫውታለች። ትልልቆቹ ፊልሞች ግን እየራቋት ሄዱ። በ2007 አገባች፤ በ2009 ተፋታች። አልፎ አልፎ በትንንሽ ፊልሞች ብቅ ትል ነበር። ስትመጣ የሚጻፈው ስለ ትወናዋ ሳይሆን ስለ ኪሎዋ ነበር።

ሰኔ 6 ቀን 2015 በኒው ጀርሲ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ልቧ ቆመ ተባለ። ዕድሜዋ 31 ነበር። በጊዜው የወጡት ዘገባዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የሳንባ ችግር እንደነበረባት፣ ከመሞቷ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አሜሪካ ውስጥ ስብ በቱቦ የማስመጠጥ ቀዶ ሕክምና፣ ላይፖሰክሽን የሚባለውን፣ እንዳደረገችና ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ በጣም ይቸግራት እንደነበር ገልጸዋል። ሞቷ የመጣው ከቀዶ ሕክምናው ነው ብዬ አልጽፍም። መንስኤ የሚባለው በጋዜጣ ሳይሆን በሕክምና መዝገብ ነው። የትንፋሹን ነገር ሳነብ ግን ቆም አልኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የእኛ አገር ቤተሰብ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይተኛ። እናት አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገት ትሸፍናለች፣ «እባካችሁ አትቀስቅሷት» ትላለች። እኛ ነርሶች ደግሞ በማግስቱ መጥተን «ተነሺ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ ኮሪደሩን አንዴ እንዙር» እንላለን። ስንት እናት እንደ ጨካኝ አይታናለች! ግን ያንን የምናደርገው በነገር አይደለም። ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህ አደጋ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ አያበቃም፤ ለሳምንታት አብሮት ይቆያል። ከባድ ውፍረት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዲያው ረጅም በረራ የሚሄድ ሰው አደጋው ይበልጥበታል።

ላይፖሰክሽን ምን እንደሆነም በግልጽ ልናገር፤ ማስታወቂያው በየስልኩ አለና። ሐኪሙ በቆዳ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አድርጎ፣ መጀመሪያ መድኃኒት ያለበት ፈሳሽ ያስገባል፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ይመጥጣል። በአግባቡ ከተሠራ ቅርጽ ማስተካከያ ነው። የውፍረት ሕክምና ግን አይደለም። በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ በጉበትና በአንጀት መካከል ያለውን፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጠውን ስብ አይነካም። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ማውጣት ደግሞ ከፍ ያለ አደጋ ያለው ተብሎ ልዩ ክትትል የሚደረግበት ነው። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ የማደንዘዣው መጠን መብዛት፣ የገባው ፈሳሽ ወደ ሳንባ መሄድ፣ ተሰባብሮ ደም ሥር የገባ ስብ ሳንባን መዝጋት፣ እነዚህ ሁሉ የታወቁ አደጋዎች ናቸው። በብዛት አይደርሱም። ሲደርሱ ግን ቀልድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ የሚያከብደው ደግሞ ቀድሞ የነበረ የመተንፈስ ችግር ነው። በጣም የወፈረ ሰው ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና ይነሳል፣ ቀን እንቅልፍ ያዳፋዋል። ይህን እኛ ቤት «እንቅልፍ ይወዳል» ብለን እንስቅበታለን። ሐኪም ቢያየው ግን በሽታ ነው፤ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊትም መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በማግስቱም ይሁን በአምስተኛው ሳምንት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ከመጣ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ ደም ያለበት ሳል ከመጣ ወይም ሰው ተዝለፍልፎ ከወደቀ፣ ውኃ አጠጥቶ መጠበቅ የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የእኛ አገር ሰው ስለ ሰውነት አስተያየት መስጠት ሰላምታ ይመስለዋል። ድሮ «ወፈርሽ!» ማለት ምርቃት ነበር፤ ደልቶሻል፣ ቤትሽ ሞልቷል ማለት ነበር። የከሳ ሰው ሲታይ ነበር «ምን ሆነሽ ነው?» የሚባለው። አሁን ነገሩ ተገልብጧል፤ ምላሳችን ግን እንደ ድሮው ነው። በዓል መጥቶ ዘመድ ሲሰበሰብ የ15 ዓመቷ ልጅ በሩን ገና ሳታልፍ አክስት «ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተነፋሽው?» ትላለች። ወዲያው ደግሞ ሦስት ጊዜ «በሞቴ» እያለች ታጎርሳታለች! ልጅቱ ስቃ ትቀበላለች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ስልኳን ስትከፍት ከፊት ለፊቷ የሚመጣው በሁለት ሳምንት ወገብ የሚያሳጥር ሻይና የቀዶ ሕክምና ማስታወቂያ ነው። እኛ ለቀልድ የተናገርነውን እነሱ ለንግድ ያነሱታል።

ውፍረት ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ነርስ ሆኜ እንዲያ ብል ይዋሸኛል። ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ ከጨመረች ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትበላለች?» ብቻ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰው ይወፍራል። የእንቁላል ዕጢ የሆርሞን መዛባት ያለባት ልጅ የወር አበባዋ ይዛባል፣ ፊቷ ላይ ፀጉር ይወጣል፣ ክብደት ትጨምራለች። ለአስምና ለቁርጥማት ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒት ያወፍራል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ። ድብርት ራሱ አንዱን ከምግብ ሲያርቅ ሌላውን ከማድቤት አያስወጣም። እነዚህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የደም ምርመራና ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሐኪም ነው። መቀስ የሚመጣው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው፣ ከመጣም።

ከአሜሪካ ወደ ቴሉጉ ሲኒማ የሄደችው አርቲ ብቻ አይደለችም። ሕንድ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ሪቻ ጋንጎፓድያይ በ2010 «ሊደር» በተባለው ፊልም ጀምራ፣ በ2013 ከፕራባስ ጋር በሠራችው «ሚርቺ» ትልቅ ስኬት ካገኘች በኋላ በዚያው ዓመት ትወናውን ትታ ወደ አሜሪካ ተመለሰች፤ በ2017 በሴንት ልዊስ ከሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። አሜሪካ ተወልዳ ሕንድ ያደገችው ስሪሊላ ደግሞ የሐኪም ልጅ ናት፤ ሕክምና እየተማረች ነው ፊልም የሠራችው። ልጆቹን ለማወዳደር አይደለም ይህን የማነሳው። ሁለቱ ግን ካሜራው ፊቱን ቢያዞርባቸው የሚሄዱበት ሌላ በር ነበራቸው። በ14 ዓመቷ ተመርጣ በ17 ዓመቷ ኮከብ የሆነች ልጅ ያንን በር መቼ ትሠራዋለች? ልጃችሁ ዘፋኝ፣ ሞዴል ወይም ተዋናይ ልሁን ካለች አትከልክሏት፤ ትምህርቱ ግን ከጎኗ ይሂድ።

አርቲ በሞተች በአምስተኛው ወር፣ በኅዳር 2015፣ ቴሉጉ ሲኒማ «ሳይዝ ዜሮ» የሚል ፊልም አወጣ። በቴሉጉና በታሚል በአንድ ጊዜ የተሠራ ነው። መሪዋ ተዋናይ አኑሽካ ሼቲ ለዚህ ፊልም ስትል ሆን ብላ ብዙ ኪሎ ጨምራ ነበር። ታሪኩ እናቷ «ማን ያገባሻል?» እያለች የምትነጅሳት የወፈረች ልጅ ናት። ጓደኛዋ በአንድ የማክሻ ድርጅት ተታልላ በጠና ስትታመም፣ ልጅቱ ተነሥታ ድርጅቱን ትታገላለች። ፊልሙ ሲታሰብ አርቲ በሕይወት ነበረች፤ ስለ እሷ የተሠራ አይደለም። ገበያ ላይም ብዙ አልቀናውም። እኔ ግን ከልጅ ልጄ ጋር አየሁት፤ በሰበቡም ብዙ አወራን። እናንተም ብታገኙት ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዩት።

በመጨረሻ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጃችሁ፣ እዚህም ትሁን ውጭ አገር፣ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ላድርግ ብላ ከወሰነች፣ ተቆጥታችሁ አታስደብቋት። ተደብቃ ከሄደች ሲያማት የምትደውልለት ሰው የላትም። ይልቅ አብራችሁ ሐኪሙ ፊት ቁጭ በሉና ጠይቁ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ነው ወይ? ሰመመን የሚሰጠው ማን ነው? ከዚያ በፊት ልቧና ሳንባዋ ይመረመራል ወይ? ስንት ሊትር ነው የሚወጣው? ኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በግቢው አለ ወይ? ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥራት በየትኛው ስልክ ነው የምንደውለው? ከስንት ቀን በኋላ አውሮፕላን መሳፈር ትችላለች? ለእነዚህ ሁሉ የተሰጣችሁ መልስ «ምንም ችግር የለውም» ብቻ ከሆነ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ተነሥታችሁ ውጡ።